መርዶ በሬዲዮ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ዶሮ ያረባል፣ ወይ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ይካሰሳል። ሚደቅሳን ግን ሁለቱም አላማሩትም። ዶሮ አይወድም፤ ክስ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሰማ ኖሮ ጠግቧል። ፀጉሩ የሸበተው ልደታ ፍርድ ቤት፣ ችሎት በር ላይ ቆሞ የከሳሽና የተከሳሽ፣ የምስክርና የጠበቃ ስም ሲጣራ ነው። ድምፁ ከሦስተኛ ፎቅ ተነስቶ ታክሲ ተራው ድረስ ይወርድ ነበር ይባላል። እንዲያውም አንድ ጊዜ ስም ሲጣራ፣ ጉዳዩ የማይመለከተው መንገደኛ ደንግጦ «አቤት» ብሎ ገብቶ ችሎት ፊት ቆመ እያሉ ያወሩበታል። ወሬው ውሸት ሳይሆን አይቀርም፤ ሚደቅሳ ግን አስተባብሎ አያውቅም።

እንዲህ ያለ ጉሮሮ ይዞ ቤት መዋል ለባለቤቱም ለሰፈሩም አይመችም። ሚስቱ ቢፍቱ የመጀመሪያውን ወር ታገሠችው። በሁለተኛው ወር ጨው እንድታቀብለው ከሳሎን ሆኖ ስሟን ቢጣራ የጎረቤት ሕፃን ከእንቅልፉ ባነነ፤ እናትየዋም በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «ጋሼ፣ እባክዎ» አለች። ያን ቀን ቢፍቱ ቁርጡን ነገረችው። «ሂድና ራቅ ያለ ሰው ፈልገህ አነጋግር።» ሚደቅሳ ምክሯን እንደ ችሎት ትእዛዝ ተቀበለ። መጽሐፍ ገዝቶ አጠና፤ ተፈትኖ ፈቃድ አወጣ፤ በዓመቱም የልደታ አማተር ሬዲዮ ክበብን አቋቁሞ ሊቀ መንበር ሆነ።

አማተር ሬዲዮ ዜናና ዘፈን የሚለቀቅበት ሬዲዮ አይደለም። ተራ ሰው ፈቃድ አውጥቶ፣ በራሱ መሣሪያና በራሱ አንቴና፣ ከሌላ ተራ ሰው ጋር የሚነጋገርበት ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ሰውና ሰው ሲጠፋፋ እነዚህ ሰዎች ባትሪያቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። በደህናው ቀን ግን ሲያወሩ የሰማቸው ሰው «ስልክ የላቸውም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። «ልደታ፣ ልደታ፣ ይሰማል ወይ?» «ይሰማል። አንተስ እኔን ትሰማለህ?» «እሰማለሁ።» ይኸው ነው። ሰምተው ሲያበቁ በመሰማማታቸው ተደስተው ይዘጋሉ።

የክበቡ አባላት በወረቀት ዘጠኝ ናቸው፤ ሬዲዮ የሚከፍቱት ግን ሦስት፤ ሲጠራሩም በየሰፈራቸው ስም ነው። ልደታ ራሱ ሚደቅሳ አለ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሙሌ የሚባል ብረት በያጅ አለ፤ የበር ፍሬምና አልጋ እየሠራ ሬዲዮውን ከጭንቅላቱ በላይ ሰቅሎ ያዳምጣል። አብነት ሰፈር ደግሞ ወይዘሮ ድንቅነሽ አሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የሰፈሩ እድር ምሰሶ ናቸው። የሬዲዮ ፈተናውን ከሚደቅሳ በስድስት ነጥብ በልጠው አልፈዋል፤ ይህን ነገር ሚደቅሳ ፊት ማንሳት ነውር ነው።

የክበቡ ዋና አንቴና የቆመው በሚደቅሳ ግቢ ነው። የሚደቅሳ ግቢ ስንል የቢፍቱ ግቢ ማለታችን ነው፤ ቤቱ ከአባቷ የወረሰችው ነው። ሙሌ የብረት ምሰሶውን የተከለው ግቢው መሐል፣ የቢፍቱ የልብስ ገመድ ተወጥሮበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። ሌላ ቦታ የለም። ቢፍቱ ገመዷን ጠቅልላ መስኮት ላይ አስቀመጠችና ሁለት ክረምት እርጥብ አንሶላ ወንበር ላይ እያሰጣች ኖረች። ሦስተኛው ክረምት ሲቃረብ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ይህ ክበባችሁ ለአገር የሚጠቅም ከሆነ መንግሥት ይመስክርላችሁ» አለችው። «ካልመሰከረ ብረቱ ይወርዳል፣ ገመዴም ቦታውን ይይዛል። ሌላ ቃል የለኝም።»

ሚደቅሳ ቢፍቱ ቃሏን እንደማታጥፍ ያውቃል። ያለ ምሰሶው ደግሞ እሱ ማለት እንደገና ሳሎን ተቀምጦ ጨው የሚጣራ ሽማግሌ ነው። ይህንንም ያውቃል፤ በእውነት ፈራ። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዶ ክበቡ እንዲፈተንና በወረዳው የአደጋ ጊዜ ጥሪ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ማመልከቻ አስገባ። ማመልከቻውን ለጸሐፊዋ ድምፁን አውጥቶ ሲያነብላት ከሌላ ቢሮ ሰዎች መጥተው አዳመጡት።

የመጀመሪያው ልምምድ ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰዎች ተላኩ። ናዝሬት የምትባል ወጣት ባለሙያ የታሸገ ፖስታና የሰዓት መቁጠሪያ ይዛ ሚደቅሳ ዘንድ ተቀመጠች። ቤካ የተባለው ባልደረባዋ ደግሞ አብነት፣ ወይዘሮ ድንቅነሽ ቤት ተቀምጦ የሚደርሰውን መልእክት ቃል በቃል እንዲጽፍ ታዘዘ። ልደታና አብነት መሐል ረጃጅም ፎቆች ስለቆሙ ሁለቱ ጣቢያዎች በቀጥታ አይሰማሙም፤ መልእክቱ በሙሌ በኩል ማለፍ ነበረበት። ናዝሬት ፖስታውን ቀድዳ ለሚደቅሳ ሰጠችው። እንዲህ ይላል፦ «ጎርፍ ደርሷል። ሦስት ሰዎች ሞተዋል። አሥራ ሁለት ቆስለዋል። ሃያ ብርድ ልብስ ይላክ።»

ሚደቅሳ ይህን ለማንበብ የተፈጠረ ሰው ነው። የሃያ ዓመት ፅኑ እስራት ሲነበብ ፊቱ ሳይለወጥ የቆመ ሰው፣ ሦስት በወረቀት የሞቱ ሰዎች አያስደነግጡትም። አንድ ፊደል ሳያስቀር አንብቦ «አበቃሁ» አለ። ሌሎች «ኦቨር» ሲሉ እሱ «አበቃሁ» ነው የሚለው፤ ኦቨር የፍርድ ቤት ለዛ የለውም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤካ የጻፈውን ወረቀት ይዞ ልደታ ደረሰ። ናዝሬት ተቀብላ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ ከዚያም ለሚደቅሳ ሰጠችው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ዝናብ ጥሎ ነበር። ሦስት ሰዎች ትንሽ አሟቸዋል። ሌሎቹ ደህና ናቸው። ብርድ ልብስ ቢገኝ አይጠላም።»

ሚደቅሳ ሁለቱንም ጣቢያዎች ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ሰበሰበ። ሙሌ ቀድሞ ተናዘዘ። «ጋሼ፣ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ከጎኔ ቆመው ነበር። ልባቸውን ያማቸዋል። እሳቸው እየሰሙ እንዴት ሞቱ ልበል? ጠንቶባቸዋል አልኩ።»

«እርስዎስ፣ እትዬ ድንቅነሽ?»

«እኔማ ልጁን ቁርስ በልተሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ። «አልበላሁም አለኝ። በባዶ ሆዱ ሞት ላርዳው?»

«የሞተ ሰው የለም እኮ። ልምምድ ነው።»

«እኮ! ያልሞተውን ሰው ምን በወጣኝ እገድለዋለሁ?»

በወይዘሮ ድንቅነሽ መፍረድ አይቻልም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእድሩ መርዶ አርጂ እሳቸው ናቸው። መርዶ ደግሞ ሥርዓት አለው። በስልክ አይነገርም። ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አንድ ሰው ከኋላ ሊደግፍ ተዘጋጅቶ ነው። ከዚያ በፊት «ትንሽ አሟቸዋል» ይባላል፤ ቀጥሎ «ጠንቶባቸዋል» ይባላል፤ ሰውየው እየጠረጠረ፣ ሆዱ እየባባ፣ ራሱ ደርሶበት እስኪያለቅስ ይጠበቃል። አንድ ጊዜ ለአንድ ሰውዬ የወንድሙን ሞት ለመንገር ሦስት ቀን ሲያለሰልሱ፣ በሦስተኛው ቀን ሰውየው ራሱ መጥቶ ወንድሙ መሞቱን ለእሳቸው ነግሯቸዋል። እንዲህ ያሉ ሴት የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭነው አራት ቃል እንዲናገሩ ማድረግ ቀላል አይደለም።

ናዝሬት ለሐምሌ አንድ ሌላ ዕድል ሰጠቻቸው። «ሁለተኛው የመጨረሻ ነው» ብላ ነገረቻቸው። ቢፍቱ በረንዳው ላይ ባቄላ እየፈለፈለች ሰማችና ገመዷን ከመስኮቱ አንስታ አቧራውን አራገፈች።

ሚደቅሳ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ሙሌ ምሰሶውን በአራት ሜትር እንዲያስረዝመው አዘዘ። መልእክት ብዙ አፍ ባለፈ ቁጥር ይለዝባልና፣ ልደታ ከፎቆቹ በላይ አብነትን በቀጥታ እንዲያገኝ ነው። ተሳካ። ሁለተኛ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ስልጠና ጀመረ።

«በሉ እትዬ፣ ሞቷል ይበሉ።»

«ማን?»

«ማንም።»

«ማንም ከሆነማ አርፏል ልበልለት።»

«አርፏል ያሉት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦም ይሆናል። ሞቷል።»

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነው ልጄ።»

«እትዬ፣ ሬዲዮ ብርሌ አይደለም። ሬዲዮ አያጽናናም፤ ያስተላልፋል። ሦስት ሰው ሞቷል ካልን ሦስት አስከሬን የሚያነሳ መኪና ይመጣል። ትንሽ አሟቸዋል ካልን ሦስት ክኒን ይዘው ይመጣሉ።»

ይኸኛው ነገር ወይዘሮ ድንቅነሽን ገባቸው። ለሬሳ ክኒን ማቅረብ ከነውርም ነውር ሆኖ ታያቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከዛሬ ጀምሮ በሬዲዮ የሚናገሩት ያለውን እንዳለ ብቻ እንደሆነ ቃል ገቡ። ሚደቅሳ ተደሰተ። ደስታው ላይ ሌላ ትምህርት ጨመረበት፦ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ የያዘ ሰው ሌላውን አይሰማም፤ ስለዚህ ተናግሮ ወዲያው መልቀቅ ነው። ይህን ሲያስተምር እጁን በጠረጴዛ ላይ ይመታ ነበር። «ተጫን፤ ተናገር፤ ልቀቅ። ቁልፍ ላይ የሚያለቅስ ሰው ለሁላችን አደጋ ነው።»

ሁለተኛው ልምምድ በሐምሌ ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተቀጠረ። ሌሊቱን የጀመረው ዝናብ ጠዋትም አላባራም። ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ሦስት ሰዓት ላይ የስልክ ኔትወርክ ድራሹ ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ሲያዝን ሚደቅሳ ብቻ ፈገግ አለ። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? ናዝሬት ጃንጥላዋን እያራገፈች ስትገባ ባትሪው በርቶ፣ ማይክሮፎኑ ተወልውሎ ጠበቃት። ቤካ አብነት ተቀምጧል፤ በዚህ ጊዜ ቁርሱን በልቷል። ቢፍቱ ቤት የለችም። አብነት አካባቢ ጄኔሬተር ያለው ወፍጮ ቤት ስላለ ሽሮ ልታስፈጭ በጠዋት ወጥታለች።

የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ከአብነት የወይዘሮ ድንቅነሽ ድምፅ እንደ ደወል ጥርት ብሎ መለሰ፦ «ልደታ፣ ተቀብያለሁ። ሦስት ሰዎች ሞተዋል። አሥራ ሁለት ቆስለዋል። ሃያ ብርድ ልብስ ይላክ። አበቃሁ።» ሚደቅሳ ናዝሬትን አያት። ናዝሬት ወረቀቷ ላይ ምልክት አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ጠመንጃ ያዥም በተራው ተጠይቆ እንደዚያው መለሰ። የሚቀረው አንድ የመልስ መልእክትና ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር። ሚደቅሳ በልቡ ምሰሶው ላይ ሌላ ሁለት ሜትር ጨመረበት።

በዚህ መሐል ሬዲዮው ኮሽ አለ።

«ልደታ፣ ይህ ከልምምዱ ውጭ ነው» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ። «ቢፍቱ እኔ ቤት ናት። ትንሽ አሟታል። አበቃሁ።»

ሚደቅሳ ማይክሮፎኑን አነሳ። «ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው? አበቃሁ።»

«ትንሽ ነው። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አዳልጧት ወድቃ ነው። እግሯን ነው። አበቃሁ።»

«ላነጋግራት። አበቃሁ።»

«ተኝታለች። አበቃሁ።»

የሚደቅሳ ፊት አመድ መሰለ። ሬዲዮው ቀጠለ።

«ጋቢ ይዘህ ና። ብቻህን ደግሞ አትምጣ፤ ጉልበት ያለው ሰው ይዘህ ና። አትቸኩል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። አበቃሁ።»

ሁሉም እውነት ነበር። አንድም ቃል አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። ቢፍቱ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባታል፤ ቤካና የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ደግፈው አምጥተዋታል፤ ሌሊቱን ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ስታስብ ስላደረች ማስታገሻ ክኒን ስትውጥ እንቅልፍ ጣላት። ልብሷ ርሶ ስለነበር ጋቢ ያስፈልጋታል፤ መራመድ ስለማትችል የሚሸከማት ሰው ያስፈልጋል። ወይዘሮ ድንቅነሽ ያለውን እንዳለ ነው የተናገሩት። ሚደቅሳ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሲያስተምር የኖረውን ረስቶ በጣቱ ቆጠረ። ትንሽ አሟታል። ተኝታለች። ጋቢ ይዘህ ና። ብቻህን አትምጣ። አትቸኩል። ከዚህ በኋላ የሚቀር የመርዶ ሥርዓት የለም። ሴትዮዋ ሰው ሰብስበው እስኪነግሩት ነው የሚጠብቁት።

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ማይክሮፎኑ በእጁ ነበር። እጁም ጨበጠ፤ ቁልፉም ተጫነ።

«ቢፍቱዬ» አለ። ሚደቅሳ የሚስቱን ስም እንዲህ አቆላምጦ ጠርቶ አያውቅም። «ቢፍቱዬ፣ ለምስክርነት የመጣሽ ቀን ስምሽን ሦስት ጊዜ የተጣራሁት አልሰማሽኝም ብዬ አይደለም። ከፊቴ ቆመሽ ነበር። በመጀመሪያው አቤት ብለሻል። ስምሽን መጥራት ጣፍጦኝ ነው።»

ናዝሬት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሽሮሽን ጨው በዛበት የምለው እንዳትኮሪብኝ ነው። አንድ ቀን በዝቶ አያውቅም። ጡረታ ሲሸኙኝ ማንን ታመሰግናለህ ቢሉኝ የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ አመሰገንኩ። አንቺ ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ስታጨበጭቢ አይቼሻለሁ። ስምሽን ብጠራ እንባዬ ይመጣል ብዬ ነው የዘለልኩሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስም ስጣራ ኖሬ የአንቺን ዘለልኩ። ገመድሽንም ነጥቄሽ ብረት ተከልኩበት። ምን ሊሠራልኝ? አንቺ ከሌለሽ ማንን ልጣራበት?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከሬዲዮ ከወጣማ ከአፋፍም ያልፋል። ጠመንጃ ያዥ ሙሌ ሞረዱን አስቀምጦ መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ ቢፍቱ» አለና ተቀመጠ። ከዚያ «ጉልበት ያለው ሰው ይዘህ ና» የተባለው ትዝ አለው። ከጎረቤት ሱቅ ዘነበንና አብዱልከሪምን ጠራ፤ ቃሬዛ ባይኖረው ደንበኛ ያዘዘውን የብረት አልጋ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነው ወደ አብነት በረሩ።

አብነት የሆነውን ሚደቅሳ የሰማው በኋላ ነው። ወይዘሮ ድንቅነሽ ነገሩ ወዲያው ገብቷቸው ነበር። ቁልፋቸውን እየተጫኑ «ሚደቅሳ፣ ልቀቅ! ልቀቅ አንተ ሰው!» ቢሉም አልተሰሙም፤ አስተማሪያቸው ቁልፍ ላይ እያለቀሰ ነው። ቤካ ስልኩን ይዞ ዝናብ ውስጥ እየዞረ ኔትወርክ ፈለገ። በጩኸቱ ቢፍቱ ነቃች። ሬዲዮው ያለቅሳል፣ ሴትዮዋ ይጮኻሉ፣ አንድ ወጣት ደጅ ላይ ይሯሯጣል።

«ማነው የሞተው?» ብላ ጠየቀች።

ወይዘሮ ድንቅነሽ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መርዶ ያለ መግቢያ ተናገሩ። «አንቺ ነሽ» አሏት።

ቢፍቱ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ስለ ጨው የተባለውን ሰማች፤ ስለ ጡረታው ሽኝት የተባለውንም ሰማች። በመሐል ሚደቅሳ ትንፋሽ ሊሰበስብ እጁ ሲላላ ቁልፉ ተለቀቀ፤ ሬዲዮው ዝም አለ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ደህና መሆኗን ሊነግሩት ጣታቸውን ወደ ቁልፉ ሲሰዱ ቢፍቱ የእጃቸውን አንጓ ያዘች።

«ትንሽ ይተዉት እትዬ» አለች። «አልጨረሰም።»

እውነትም አልጨረሰም ነበር። አንድ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀጠለ፤ ምን እንዳለ አሁንም ድረስ ሁለቱ ሴቶች ለሰው አይናገሩም፤ ቤካም ደጅ ነበርኩ ይላል። ከዚያ ሚደቅሳ ማይክሮፎኑን ጥሎ፣ ጋቢውን ከአልጋ ጎትቶ፣ በካልሲው ዝናብ ውስጥ ወጣ። ናዝሬት በአንድ እጇ ጫማውን፣ በአንድ እጇ ጃንጥላዋን ይዛ ተከተለችው። ሬዲዮው ባዶ ቤት ውስጥ «ደህና ናት፤ ልደታ፣ ደህና ናት፤ አበቃሁ» እያለ ብቻውን ቀረ።

ልደታና አብነት ሩቅ አይደሉም፤ ጋቢ ይዞ የሚያለቅስ ሽማግሌ ግን መንገድ ላይ ብቻውን አይተውም። አንድ ጫማ ጠጋኝ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ሥራውን ጥሎ ክንዱን ያዘው። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከኋላ ገቡ። አብነት ሲደርሱ አሥራ አምስት ሆነዋል፤ ሙሌም ከነአልጋው ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። ወይዘሮ ድንቅነሽ ደጃፉ ላይ ወጥተው ጠበቋቸው። ሠላሳ ዓመት መርዶ የለመደ ፊት ነውና፣ የሠርግ ወሬ ቢነግሩበትም መርዶ ነው የሚመስለው።

«ደህና ናት» አሉት።

«አዎ» አለ ሚደቅሳ። «ሁሉም ደህና ነው የሚባለው።» አልፏቸው ገባ።

ቢፍቱ ሶፋው ላይ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ሚደቅሳ በሩ ላይ ቆመ። ጋቢው ከእጁ ወደቀ። ሄደና ደህናውን እግሯን ያዘ፤ ከዚያ ያመማትን ነካ፤ «አይ!» ብላ ስትጮህ ነው በእርግጥ መኖሯን ያመነው። ከኋላው ያለው ሕዝብ ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ ተቀመጠ።

ሁሉም ትንፋሹን ሲሰበስብ ናዝሬት ጫማውን መሬት አስቀምጣ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «አብነትና ጠመንጃ ያዥ አንድ ቃል አላዛነፉም። የመቆጣጠሪያ ጣቢያው ግን ልምምዱ ሳያልቅ ሰው አልባ ሆኗል። ክበቡ አላለፈም።»

ለሚደቅሳ ክፉ ወሬ እንዲህ በእቅጩ ነግሮት የሚያውቅ ሰው የለም። ሲነገረው እንደማይወደው አሁን አወቀ። ቢሆንም ውሳኔ ሲነበብ መከራከር አልለመደም።

«ብረቱን ነገ ሙሌ ያወርደዋል» አለ፣ የቢፍቱን ፊት ሳያይ። «ገመድሽን እወጥርልሻለሁ።»

«ማን አውርዱ አላችሁ?» አለች ቢፍቱ።

«አንቺ ነሻ። መንግሥት ካልመሰከረ ይወርዳል አላልሽም?»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከጎኔ ተኝተህ ያልነገርከኝን በዚያ ብረት ነው የሰማሁት። ብረቱ ባለበት ይቆማል። አንሶላ ቤት ውስጥም ይደርቃል።»

ሚደቅሳ ቤቱን ዙሪያውን አየ። ሙሌ ጣሪያውን ይመለከታል። ጫማ ጠጋኙ ጆሮውን ከዘነበ አፍ ገጥሞ ያልሰማውን እያስነገረ ነው። ሚደቅሳ ስለ ፊት ለፊት ንግግር ያስተማረውን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ ዋጠው።

«እሱ እንኳ... ልምምድ ነበር» አለ።

ቢፍቱ ጋቢውን ከመሬት አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። «ልምምድ ከሆነማ በየሳምንቱ ነው የሚደረገው» አለችው። «ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ እዚሁ እትዬ ጋ መጥቼ እጠብቃለሁ።»